እሑድ የሚጾም ፈረንጅ

ሐይቅ ከተማ ዓሣ ጠብሼ ነው የምኖረው። ሰሞኑን ነጭ ሸሚዝ ከነከረባቱ የለበሱ ሁለት ጎረምሶች መጡ፤ አንዱ ፈረንጅ፣ አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ። ሞርሞን የሚባል ሃይማኖት ሰባኪዎች ነን አሉ። እኔ ግን አላመንኳቸውም። አንዱ ሽንት ቤት ሲገባ ሌላው በር ላይ ይቆማል። ሰባኪ ምን ያስጠባብቀዋል?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ቤቴ አስገብቼ ዓሣ አቀረብኩ። የአዲስ አበባው ልጅ "እስከ ማታ ጾም ላይ ነን እናቴ፣ የወሩ መጀመሪያ እሑድ እንጾማለን" አለኝ። ውሃም እንቢ አሉ። በእሑድ? የእኛ ረቡዕና ዓርብ ነው፤ እስላሞቹም ቢጾሙ ሰኞና ሐሙስ ነው። እሑድን የሚጾም ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው ለቶይብ "እነዚህ ሰላዮች ናቸው" አልኩት። "ወላሂ እታለም፣ ሰላይ ቢሆኑ ያቀረብሽውን ሁሉ ይበሉልሽ ነበር" አለኝ።

አመሻሽ ላይ ራሳቸው ተመልሰው ደጄ ላይ ተቀምጠው ዓሣ አዘዙ። ፈረንጁ ሳይበላ በፊት እጁን አጣጥፎ በቋንቋው ሲጸልይ፣ መሐል ላይ "ዘውዴ" ሲል ሰማሁት። ክው አልኩ። ስሜን ነግሬው አላውቅም! "ስሜን ማን ነገረህ?" ብዬ አፈጠጥኩበት። ደንግጦ ከበሩ በላይ ጠቆመና እየተንተባተበ አነበበልኝ፤ "ዘውዴ ዓሣ ቤት"። ያስጻፍኩት እኔው ነኝ። ከሱቁ በር ላይ የሚያየን ቶይብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ፊደላችንን ለፈረንጅ ማን አስተማረው?