የጠፋችው ጳጉሜን ስድስት

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አቶ ዳምጤን ከሥራ ልንሸኝ በተሰበሰብንበት ንግግሬ ቢደነቃቀፍ ጠጁን ቀድሞን ቀመሰው እንዳትሉኝ። ድንጋጤ ነው፤ እመጣበታለሁ።

አቶ ዳምጤ ለልማት ጥናት ተመድበው አሰበ ተፈሪ የገቡ ዕለት፣ ማደሪያ ሳይጠይቁ «ጅቡቲ በየት በኩል ናት?» አሉ። ባልደረባችን ይልቃል የሚሄዱ መስሎት በሩን አሳያቸው። እርሳቸው ግን የቢሮው ካርታ ጠረፉ ላይ ስለሚያልቅ ወረቀት ቀጥለው እስከ ባሕሩ ሣሉት። ግድግዳው አልበቃ ብሎ ጅቡቲ በራችን ላይ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ሰው በገባ ቁጥር፣ «ቀስ በል፣ ወደቡን ሰበርከው» ነው።

«የሚኤሶን ገበያ ለብቻው ማቀድ አይቻልም፤ ከብቱን የሚገዛው ከጠረፍ ማዶ ነው» ሲሉ እንስቅ ነበር። እርሳቸው ግን ከማዶዎቹ ጋር ተጻጽፈው የባቡሩ ፉርጎ የሚመጣበትንና ገበያ የሚውልበትን ቀን አንድ አደረጉት። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ የኔ ሥራ ነበር።

የሃምሳ ስድስትን መስከረም ታስታውሳላችሁ። ከብቱ ከገለምሶና ከበደሳ ተነድቶ ሚኤሶ ሲደርስ፣ ፉርጎዎቹ በዋዜማው መጥተው ባዶአቸውን ተመልሰዋል። ነጋዴው ሙሜ፣ «ወላሂ፣ ቀን መቁጠር ሳትችሉ ነው አገር ከአገር የምታገናኙት?» አለን። ስሕተቱ በአቶ ዳምጤ ተቆጥሮ ሊያገኙት የነበረው ሹመት በዚያው ቀረ። እኔም «ሲያበዙት ነው» እያልኩ ሳማቸው ኖርኩ።

ባለፈው ሰኞ ቁም ሣጥናቸውን ስረከብ የዚያን መስከረም የቀን ስሌት ረቂቅ አገኘሁ። ጽሕፈቱ የኔ ነው። ጳጉሜን አምስት ብዬ ቆጥሬአለሁ፤ ያን ዓመት ስድስት ነበረች። ከሥሩ እርሳቸው ለበላዮቻችን የጻፉት ደብዳቤ ግልባጭ፦ «ስሕተቱ የኔ ነው።» ሁለቱንም ወረቀት ይዤ እርሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ነጋሽ፣ ያን ክረምት ባለቤትህን ዓለምሸትን ታስታምም ነበር። ማን ነው የተሳሳተው ሲባል፣ ከቀበርካት ሳምንት አልሞላህም።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያማ ገበያው ሞቀ። ማን ያስታውሰዋል ብዬ ነው።»

በየጸሎቴ ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን አላውቃትም ነበር። ሐሜቱን ግን አውቀው ነበር፤ እሱንም ዘልዬዋለሁ።

አቶ ዳምጤ፣ ግድ የለም ይቀመጡ። ስሕተቱ የኔ መሆኑን ረቂቁን አያይዤ ትናንት ለበላዮቻችን ጽፌአለሁ። ሹመቱን መመለስ አልችልም። ስምዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ ንጹሕ ነው፤ እዚህ ያላችሁም ምስክር ናችሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ፤ አብዱረዛቅ፣ አንተም ሻይህን። አቶ ዳምጤ፣ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ። ይቅርታ ልጠይቅ እሑድ እሑድ ደጅዎ ብቆም፣ አይመልሱኝ።