የወርቅቱ ፋይል በማን ስም ነው?

የአሰላ ዝናብ ማንንም አያከብርምና አቶ ገብረሥላሴ የዚያን ዕለት ጠዋት የእግር መንገዳቸውን ትተው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ሳይገቡ ቢቀሩ ኖሮ የራሳቸውን እርግማን በገዛ ጆሯቸው ባልሰሙ ነበር። ከኋላ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ እሳቸው በሚመሩት መዝገብ ቤት በኮምፒውተር ባለሙያነት የተመደበችው ሚልካ ናት። ሌላዋን አያውቋትም፤ ወርቅቱ የምትባል፣ ከሮቤ ገጠር የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች።

ወርቅቱ ለሹፌሩ የጀመረችውን ወሬ አላቋረጠችም።

«ያ መዝገብ ቤት ያለው ሽማግሌ ዋቃ የእጁን ይስጠው! መሬቱ የእኔና የባሌ የጋራ እንዲሆን የተወሰነበትን ወረቀት አውጣልኝ ስለው ‹ያኔ ጉዳያችሁን ይዞ የመጣውን ሽማግሌ ስም አምጪ› ይለኛል። ማን እንዳመጣው የሚያውቀው ባሌ ነበር፤ እሱ ሞተ። የባሌን ታላቅ ወንድም ለታን ብጠይቀው ‹እኔ ምን አውቄ› አለኝ። መሬቱን የሚፈልገው እኮ ራሱ ለታ ነው! ዛሬ ከሰዓት ችሎት አለኝ። ወረቀቱን ካላቀረብኩ አበቃ፤ ልጆቼን ይዤ መንገድ ላይ ነኝ።»

ሚልካ መታገሥ አቃታት። «እትዬ፣ ሽማግሌው እኮ አጠገብዎ ናቸው።»

ወርቅቱ ዞር ብላ አየቻቸው። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ጠባብ ስለሆነ እስከ ዛሬ ያየችው እጃቸውን ብቻ ነበር።

«እሰይ! እንኳን ሰማ» አለች።

የአቶ ገብረሥላሴ ደም ፈላ። በእሳቸው መዝገብ ቤት ፋይል የሚደረደረው በባለጉዳዩ ስም ሳይሆን ጉዳዩን ይዞ በመጣው ሽማግሌ ስም ነው። አጀማመሩ ክፉ አልነበረም፤ እርቅ በሽማግሌ በሚያልቅበት አገር ባለጉዳይ ይረሳል፣ ሽማግሌ ግን ይታወቃል። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ አፈር ሲገቡ ሥርዓቱም አብሯቸው መቀበሩን ግን አቶ ገብረሥላሴ ማየት አልፈለጉም። ሚልካ በጋውን ሙሉ ፋይል ስካን ስታደርግ ከርማ ለፍለጋ ያዘጋጀችበትን ኮምፒውተርም «አቧራ እንዳይነካው» ብለው ጨርቅ አልብሰውታል። ጨርቁ ለአቧራ እንዳልሆነ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ!» አሉ ከባጃጁ እንደ ወረዱ።

«ያዋረድዎ ጨርቁ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ጋሼ» አለች ሚልካ ተናዳ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው የራሱን ጉዳይ ለማግኘት የሌላ ሰው ስም መለመን አለበት?»

«ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሥራ አንድ ሳጥን ሊያስተምረኝ ነው? ሳጥን ምን ያውቃል?»

«ምንም አያውቅም፤ ያውቃልም አላልኩም። አባቴ የቃል ማውጫ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ አላቸው። ‹መበለት› የሚለውን ቃል ሲፈልጉ ማውጫው የትኛው ምዕራፍ፣ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ ያሳያቸዋል። ማውጫው አይሰብክም፤ ገጹን ይጠቁማል። ይህ ፕሮግራምም እንደዚያው ነው። የወረቀቱን ፎቶ ያነባል፣ ቃላቱን ይለቅማል፣ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ፋይል፣ ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ ላይ የፈለገው ስም ይጻፍ፤ ውስጡ ያለ ሰው ይገኛል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ወረቀቱ እኮ ከመደርደሪያው አልተነሳም። መብራቱ እስኪመጣ እንደ ድሮው እንፈልጋለን።»

«የሰው ምስጢርስ? በየስልኩ ሊበተን ነው?»

«ማን ምን እንደከፈተ ፕሮግራሙ ይይዛል። አሁን አንድ ሰው ወረቀት መዝዞ ቢወጣ እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

አቶ ገብረሥላሴ ተቆጥተው ሁለቱን ሴቶች አስከትለው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

«በይ እንግዲያው አሳዪኝ! ካላገኘሽው ያ ሳጥን ዛሬውኑ ከቢሮዬ ይወጣል!»

ሚልካ ጨርቁን ገፍፋ ወረወረችው። «ወርቅቱ» ብላ ስትጽፍ ብዙ ወርቅቱዎች ወጡ። የሟች ባሏን ስም፣ ደገፋን፣ ስትጨምር አንዷ ብቻ ቀረች። ከስሟ ጎን ያለውን የእጅ ጽሑፍ ግን ፕሮግራሙ አበላሽቶ አንብቦት ነበር።

«ይኸው! የታለ ማንበቡ?» አሉ አቶ ገብረሥላሴ ደስ ብሏቸው።

«እርስዎ የሚያስፈልጉት እኮ ለዚህ ነው። እሱ የሳተውን ያርሙለት እንጂ አፉን አይሸፍኑበት።»

አጎንብሰው የእጅ ጽሑፉን ራሳቸው አነበቡት። ሲያነቡ ፊታቸው ተለወጠ። ሄደው ፋይሉን ከመደርደሪያው አወረዱ። ሽፋኑ ላይ በገዛ እጃቸው በትልቁ «ሽማግሌ ለታ» ተብሎ ተጽፏል። «እኔ ምን አውቄ» ያለው ለታ የባልና ሚስቱን ጉዳይ ይዞ የመጣው፣ ምስክር ሆኖም የፈረመው ራሱ ኖሯል።

«ስሜ ውስጡ አለ?» አለች ወርቅቱ።

«አለ።»

«ውስጡ ካለሁ ለምን ከላይ አጣኸኝ?»

አንተ ስላለቻቸው ማንም አላረማትም። በሚልካ ላይ የነበረው ቁጣቸው በለታ ላይ ዞረ፤ ከለታም አልፎ ወደ ራሳቸው መጣ።

«ሌባውን ዘበኛ አድርጌ ያቆምኩት እኔ ነኝ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ቅጂውን አስነስተው በማኅተም አረጋገጡና «ሩጪ!» አሏት።

ያን ዕለት ወርቅቱ መሬቷን አልተቀማችም። ልብ ያለው ልብ ይበል፤ የሰው ፋይል በሰው ትዝታ ሲቆለፍ ቁልፉ ከሚያስታውሰው ጋር ይቀበራል፣ ወይም በሚዋሽ ሰው ኪስ ይገባል። በራሱ ስም የሚፈለግ ሰው ግን ደጅ አይጠናም፤ ከአቦምሳ ድረስ የመጣ ገበሬ በዕለቱ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል፣ ጎበዝ ዋሾም አፉን ይይዛል።

አመሻሹ ላይ ወርቅቱ ወደ ጠባቧ መስኮት ተመለሰች። አቶ ገብረሥላሴ ከሚልካ አጠገብ ተቀምጠው ፕሮግራሙ የሳታቸውን ቃላት ያርማሉ።

«አባቴ፣ እርግማኔን ላንሳልዎ?» አለች።

ገና ስካን ወዳልተደረጉት መደርደሪያዎች አዩ።

«ተይው፣ ልጄ። እነዚያ ገብተው እስኪያልቁ ባለበት ይቆይ፤ እንዳልተኛ» አሏት።