የሙሽራዋ እግር ልክ

ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬም ከዓይኔ አያንስም። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በአውቶቡስ ስንጓዝ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናትና ከጅዳ የተመለሰች ወጣት ሲያወሩ ሰማሁ።

«ልጄ፣ የሙሽራ ጫማ የት ይሻለኛል?»

«ጫማና ቀሚስ ደሴ ፒያሳ ይግዙ፣ እማማ። ቅመሙን ሰኞ ገበያ ያገኛሉ። ቁጥሯ ስንት ነው?»

«ጥሎሽ የሚወስድ ሰው ቁጥር ይጠይቃል እንዴ? ነውር ነው! ከምንጭ ስትመለስ ዱካዋን ጭቃው ላይ በዚህ ሰንበሌጥ ለካሁት።»

«በባዶ እግሯ ነበረች?»

«ኮንጎ ጫማ አድርጋ ነበር።»

«ኮንጎው የእናቷ ቢሆንስ? ምንጭ ሲወረድ በር ላይ የተገኘውን አይደል የምናጠልቀው!»

«ያ ረቢ! ጫማው ከጠበባት ሙሽራው ልጄ በሽማግሌ ፊት መሳቂያ ሊሆን ነው!»

«ቁመናዋ እንዴት ነው?»

«እንዳንቺው ቀጠን ያለች ናት።»

«አብሽሩ፣ አብሬዎት ገብቼ እኔ እለካዋለሁ። ዘለበት ያለውን ክፍት ጫማ እንመርጣለን፤ ቢሰፋት ታጠብቀዋለች፣ ቢጠባት ታላላዋለች።»

«አላህ ያክብርሽ! ዋጋውን ግን እኔ እከራከራለሁ፤ አንቺማ ጅዳ ለምደሽ የጠሩልሽን ትከፍያለሽ።»

እኔም የራሴን ቁጥር አላውቅ ኖሮ፣ የግራ ጫማዬን አወለቅሁና ርዝመቱን በስንዝሬ ለካሁት።