ርችት የማይተኮስበት ቦታ

የሕንጻው አሳንሰር እንደ ልማዱ ስላኮረፈ ጋሽ ማይክና ፌንጣ ደረጃውን በእግራቸው ተያይዘውታል። ጋሽ ማይክ ዕድሜያቸውን በሙሉ በሬዲዮ ዜና ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ አሁን ላይኛው ፎቅ ባለ ቢሮ፣ ሰው በስልኩ ለቤተሰቡ መድኃኒት የሚያዝዝበትን መተግበሪያ ጽሑፎች ይጽፋሉ። ፌንጣ የእህታቸው ልጅ ናት፤ እዚያው ቢሮ ዲዛይነር። ቅጽል ስሙን ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቦታ አርፋ አትቀመጥማ!

"ጋሼ፣ ዛሬ ስብሰባው ላይ ያዘጋጀሁትን የአጻጻፍ መመሪያ እሺ ይበሉኝ። ቡድኑ ያለ እርስዎ ቃል ንቅንቅ አይልም።"

"አልልም!" አሉ እያለከለኩ። "እኔ ለእያንዳንዱ ስክሪን ወዝ እሰጠዋለሁ። አንቺ ቃላቴን እንደ ተማሪ አሰልፈሽ ልትላጪያቸው ነው።"

"ቅማል ያለባቸውን ብቻ ነው እኮ።"

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ከሱቃቸው ብቅ አሉ። ባላቸው ካረፉ ገና ቅርብ ነው።

"ያንን የመድኃኒት ነገር የሠራችሁት እናንተ ናችሁ አሉኝ፤ እውነት ነው?"

"እኛው ነን!" አሉ ጋሽ ማይክ፣ ምስጋና መስሏቸው ደረታቸውን ነፍተው።

"እንግዲያውስ ይስሙኝ። ስልኩ በየማለዳው 'የባለቤትዎ ኪኒን ሰዓት ደርሷል' እያለ ቢያስለቅሰኝ፣ የሟቹን ስም ከቤተሰብ ዝርዝሩ አወጣሁት። ወዲያው ርችት አይንጣጣ መሰልዎት! 'እንኳን ደስ አለዎት! ከቤተሰብዎ አንድ ሰው በተሳካ ሁኔታ ቀንሰዋል!' አለኝ፤ ያውም ደንበኛ ፊት። እኔም ከስልኬ ነቅዬ ጣልኩት።"

ፌንጣ "ይኸው!" ልትል ነበር፤ የእትዬን ዓይን አይታ ምላሷን ነከሰች። "የራስዎ የደም ግፊት መድኃኒትስ፣ እትዬ?"

"ካለቀ ሰነበተ። ወረፋ ለመቆም እግሬ እምቢ አለኝ። እዚያ ተመልሼ 'እንኳን ደስ አለሽ' ከምባል ደግሞ ይቅርብኝ።"

የጋሽ ማይክ ደረት እንደተበሳ ኳስ ተነፈሰ። ግን ትልቅ ሰው በአንድ ምት ይረታል እንዴ? ጥቂት ደረጃ እንደወጡ ነፍስ ዘሩ።

"ያንን 'እንኳን ደስ አለዎት' የጻፍኩት ሕፃን ተወልዶ ለሚመዘገብበት ስክሪን ነው! ለዚያ ልክ ነው!"

"ልክ ነው። ፕሮግራመሩ ግን አማረውና ስም ለሚሰረዝበትም ስክሪን ገለበጠው። አትገልብጥ ያለው ማን አለ?"

"ታዲያ ጥፋቱ የሱ ነዋ!"

"ጋሼ፣ በእናንተ ሬዲዮ የሞት ዜና ተነቦ ሲያበቃ ጭፈራ ይለቀቅ ነበር?"

"አብደሻል እንዴ? ክልክል ነበር!"

"ሁሉም ሰው ሲወለድ ያውቀው ነበር?"

"ደንብ ነበረን እንጂ! ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ እሱን አንብቦ ነበር…" ጋሽ ማይክ እግራቸውን አንስተው ሳያሳርፉ ቀሩ። ወጥመዱ ያለው ደረጃው ላይ ሳይሆን ጥያቄዋ ውስጥ እንደሆነ ገባቸው።

"ታዲያ ያ ደንብ ድምፅዎን ላጨው?"

"አሳመረው" አሉ በቀስታ። "ቢሆንም ደንብ ሲበዛ ሰው ማሰብ ይተዋል።"

"ደንቡ ትንሹን ነገር ያስብልናል፣ ጋሼ። ለአንድ ነገር አንዱ 'ትእዛዝ'፣ ሌላው 'ጥያቄ' እያለ በየሳምንቱ ከምንነታረክ፣ አንዴ እንወስንና ትልቁን ሐሳብ ለእርስዎ እንተው።"

እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራቸው የሚጠሉ ሽማግሌ እስካሁን አልተገኙም።

ስብሰባው ላይ ጋሽ ማይክ በዜና ድምፃቸው ተነሡ። "ይመዝገብ! አንደኛ፣ አንባቢው በምን ስሜት ላይ ሊሆን እንደሚችል ሳታስቡ አትጻፉ። ሁለተኛ፣ ርችት ለልደት ብቻ!"

ፕሮግራመሩ አቀረቀረ። "ጋሼ፣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

"ቀና በል። አንተን ያሳሳተህ የእኛ ዝምታ ነው።"

ከዚያ ለስም መሰረዣው ስክሪን "ነፍስ ይማር" የሚል ካልተጨመረ ብለው ድርቅ አሉ።

"ባሏን የምትሰርዘው የተፋታችስ ብትሆን?" አለች ፌንጣ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው።

መመሪያው አልቆ ስክሪኑ እንደታረመ ሁለቱ ወደ እትዬ ሱቅ ወረዱ። ጋሽ ማይክ የራሳቸውን ስልክ ሰጧቸው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው፣ ለሙከራ ከገቡት ስሞች አንዱን ሰረዙ። "ስሙ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ከእንግዲህ ስለ መድኃኒቱ ማስታወሻ አንልክም" አለ ስልኩ።

"ሌላ ምንም አይልም?"

"ምንም።"

እትዬ ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉት። ከዚያ የራሳቸውን ስልክ ለፌንጣ አቀበሏት። "በይ መልሽልኝ። የግፊቱን መድኃኒት ልዘዝ።"

ዛሬ በዚያ ቢሮ አዲስ የተቀጠረ ሰው "ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?" እያለ በየጠረጴዛው አይንከራተትም፤ አንድ ነገር አንድ ስም አለው፤ ስሕተትም አንድ ቦታ ከታረመ በሁሉም ስክሪን ይታረማል። ከሁሉም በላይ፣ ያዘነ ሰው ያለ ጭብጨባ ጉዳዩን ይጨርሳል።

ያን ዕለት ትእዛዙ እንደተላከ የእትዬ ስልክ "ትእዛዝዎ ደርሶናል። መድኃኒቱን ነገ ጠዋት እናመጣለን" አለ። እትዬ ፈገግ አሉ።

"ይኼ እንኳን ሰው ያናግራል። ማነው የጻፈው?"

ጋሽ ማይክ የእህታቸውን ልጅ ትከሻ ያዝ አደረጉ።

"እኛው ነን" አሉ።

ደረታቸው ዳግም ተነፋ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚበሳው አልተገኘም።