ባለ አንድ ሳንቃ ጠረጴዛ

ንብ አናቢዋ ፀጉር አስተካካዩ ቤት የገባችው ሆን ብላ ነው። የደን ማኅበሩ ሰብሳቢ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ሳይላጩ እንደማይውሉ ታውቃለች። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈ ሰው ደግሞ ነገር አይመልስም።

እንዳሰበችውም ወንበሩ ላይ ጋደም ብለው፣ እስከ ዓይናቸው አረፋ ለብሰው አገኘቻቸው። ሁለት ተረኞች ከሚጠብቁበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የማር ጣሳዋን እግሯ ሥር አስቀመጠች።

«እንደምን አደርክ የኔ ወንድም? መስታወትህን ቀየርከው እንዴ? እሰይ፣ ደግ አደረግህ። ሰው አልፎ አልፎ ፊቱን ጥርት አድርጎ ቢያይ ምን ይጎዳል?... አንዳንዱ ሰው በተለይ።»

ፀጉር አስተካካዩ ፈገግ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

«ማሩ ዘንድሮ አነሰኝ። ንቦቼ ግራ ገባቸው፤ የለመዱት ዛፍ ቦታው ላይ የለማ! ዞረው ዞረው ይመለሳሉ። ንብ ሞኝ ናት መቼም... ዛፍ ሥራ ቀይሮ የቤት ዕቃ ይሆናል ብላ አታስብ።»

ምላጩ ጉንጭ ላይ ቆም አለ። ከሽፋኑ ጨርቅ ሥር የሰብሳቢው ጫማ ሲንቀሳቀስ አየች።

ነገሩን በዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም። ጫካው ሳይነካ ከቆመ አንድ ድርጅት በየዓመቱ ለማኅበሩ ይከፍላል። በዚያ ገንዘብ ውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ጤና ጣቢያም ተጀመረ። ዘንድሮ ግን ከሳተላይት የተነሳው ፎቶ ጫካው መሀል መላጣ ቦታ አሳየና ክፍያው ቆመ። ጥፋቱ በጫካው ዘበኛ ላይ ተላከከ፤ ተኝቶ ነው ተባለና ከሥራ ተባረረ። ዘበኛው የንብ አናቢዋ ታናሽ ወንድም ነው። የሰብሳቢውን ልጅ ስላገባ፣ ለትዳሩ ሲል አፉን ዘግቶ ስምንት ወር ቤት ዋለ።

«ስለ ቤት ዕቃ ካነሳን አይቀር፣» አለች፣ «አንድ ትልቅ ሰው ቤት ጠረጴዛ አየሁልህ። አቤት ጠረጴዛ! መጋጠሚያ የለው፣ ምን የለው፣ ወርዱ አንድ ወጥ ሳንቃ። አሥራ ሁለት ሰው ያስቀምጣል። ከከተማ ነው የተገዛው አሉኝ። ምን ዓይነት ከተማ ነው በል? የኛን ጫካ ጫካ የሚሸት ዕቃ የሚሸጥበት?... ትሕትናቸውስ! ሌላው ቢሆን ሳሎኑ መሀል ገትሮ ጉራ ይነዛበት ነበር። እሳቸው ጓዳ አስገብተው፣ አንሶላ አልብሰው... መታየት አይወዱም።»

አንደኛው ተረኛ ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ።

«ርኅራኄያቸውን ደግሞ ላጫውትህ። ወንድሜ እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። እኚህ ሰው አዘኑለት። ደብዳቤ አድርስልኝ ብለው ሁለት ቀን ከተማ ላኩት። መሥሪያ ቤቱ ፖስታውን ቢከፍተው ነጭ ወረቀት! አንዲት ፊደል የለችበትም። መልዕክቱ ዕረፍ ነው እንግዲህ... ሌላ ምን ይሆናል? ሲመለስ ዛፉ የለም፤ ተኝተህ ነበር አሉት። እውነታቸውን እኮ ነው፤ ተኝቷል፣ ከተማ ሆቴል ውስጥ። ወረቀቱን እኔ አስቀምጬዋለሁ። ንፁህ ወረቀት መጣል አልወድም።»

እስካሁን ድምፅዋ እንደ ማሯ ነበር። ወደሚቀጥለው ነገር ስትደርስ ግን አጎንብሳ የጣሳዋን ክዳን አጠበቀች። የወንድሟን ሚስት እንደ ልጇ ነው የምትወዳት።

«ጤና ጣቢያውንስ አየኸው? አምሮበታል፤ ጣሪያ ብቻ ነው የጎደለው። የወንድሜ ሚስት የፊታችን ወር ትወልዳለች። እድለኛ ነሽ አልኳት፤ ተጋድሞ ሰማይ እያዩ ማማጥ ለማን ተሰጥቶ?... ዝናብ ቢመጣም አናስብም። ሰፊ ጠረጴዛ ያለው ዘመድ አላት፤ ከሥሩ እናስገባታለን።»

ማንም አልሳቀም። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከሰብሳቢው አንገት ላይ አነሳና ጨርቅ ላይ ሲጠርገው ቆየ። ወዲያው ከመንገዱ ማዶ፣ ማኅበሩ ቢሮ በር ላይ፣ አንድ ነጭ መኪና ቆመ።

«የከፋዩ ድርጅት እንግዶችም መጡ። ጉቶና ሳንቃ አስተያይቶ እናትና ልጅ መሆናቸውን የሚለይ ባለሙያ ይዘዋል አሉ። ዕውቀት እኮ ጉድ ነው! ወንድሜን መላጣውን ቦታ አሳየን ብለው ጠርተውታል... እኔ ግን አሳዘኑኝ። እዚያ ድረስ ዳገት ምን ያስወጣቸዋል? ልጅየው እዚሁ ጓዳ ውስጥ አንሶላ ለብሶ ተኝቶ እያለ?»

ሰብሳቢው ቀና አሉ። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ፎጣው ትከሻቸው ላይ እንዳለ መንገዱን ተሻገሩ።

እሷ በመስኮቱ ተከተለቻቸው። ወንድሟ መንገድ እንዲመራ ተጠርቶ ኖሮ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ሰብሳቢው መጀመሪያ ወደ እሱ ሄደው አንድ ነገር ተናገሩት። አቀርቅሮ ሰማቸው፤ ቀና ሲል ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው ለረጅም ጊዜ አወሩ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወደ ጫካው ሳይሆን ወደ ገዛ ቤታቸው።

ስምንት ወር ይህን ቀን ስትጠብቅ እልል የምትል መስሏት ነበር። አሁን ግን ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለችና በሩ ላይ ቆመች። መኪናው ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ በተከፈተው መስኮት ያ ግማሽ ፊት ታየ። ንብ አናቢዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚገባው ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ ፊቷን ግን ወደ ፀጉር አስተካካዩ መለሰች።

«እንግዲህ የኔ ወንድም፣ ደግ ሰው ሲያልፍ መመረቅ ነው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ ጤናቸውን ያብዛው። እሳቸው ጫካውን እንደጠበቁልን... እግዜርም እሳቸውን ልክ እንደዚያው አድርጎ ይጠብቅልን።»