አዋሽ የት ይደርሳል?

ከአዋሽ ወደ መልካ ወረር በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ አንድ መምህር ያስጠገኑትን የክፍላቸውን የትምህርት ሬዲዮ ታቅፈዋል። ወሬውን የጀመሩት አጠገባቸው የተቀመጡት ባለሱቅ ወሎዬ እናት ናቸው።

«ጓድ መምህር፣ ይሄ ሬዲዮዎ ልጄን ክፉ አመል አስተማረብኝ።»

«ልጅዎ ምን አደረገች፣ እትዬ?»

«አዋሽ ባሕር ይገባል ብላት፣ ‹ሬዲዮው ጠይቃችሁ አረጋግጡ ብሎናል› ብላ ሱቅ የመጣውን የአሰብ ሹፌር ሁሉ ስትጠይቅ ሰነበተች።»

«ምን አሏት?»

«በረሃው ላይ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል አሏት። እኔ ውሸታም ሆንኩ።»

«ታዲያ በዚህ ተናደው ከትምህርት ሊያስቀሯት ነው?»

«ለሱቁ ላስቀራት አስቤ ነበር። ኋላ ደብተሯን አነበበችልኝ፤ ‹ጥያቄውን ያመጣችው እናቴ ፋጡማ ናት› ይላል።»

«አይቼዋለሁ። አሥር ከአሥር ነው የሰጠኋት።»

«ከአሥሩ ስንቱ የኔ ነው?»

«ግማሹ።»

«እንግዲያስ ትማር። ወላሂ፣ እኔም ሌላ ጥያቄ እፈልግላታለሁ።»

ከኋላቸው ሆኜ ስሰማ፣ የኔ እናት ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀችኝ ጥያቄ ምን እንደነበር ለማስታወስ ስሞክር መልካ ወረር ደረስን።