ገበር ያጣው ግድግዳ

የጣውላ መጋዘኑ በር ገና አልተከፈተም፤ ጉሙም ከመንገዱ አልተነሣም። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ሲጠብቁ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸውና ሕልም አዩ። ቤታቸው ከቆመበት ተነሥቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ ሱቃቸው መጣና «እባክዎ ልኬን ይውሰዱልኝ» አላቸው። እሳቸውም ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ወገቡን ሊለኩ ዞሩት፣ ዞሩት፤ ሜትሩ ግን አልደርስ አለ።

«አባባ፣ እንዳይወድቁ» አለቻቸው አንዲት ወጣት ክንዳቸውን ደገፍ አድርጋ።

ቀና ብለው ሲያዩ፣ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብሷን የሰፉላት የጎረቤት ልጅ ናት። የሕንፃ ትምህርቷን ጨርሳ አሁን ሰፈሩ ሁሉ «መሐንዲሷ» ይላታል። እሷም ለሥራዋ ጣውላ ፈልጋ ማልዳ መጥታለች። ሰላምታው በወጉ ካለቀ በኋላ ምን ሊገዙ እንደመጡ ጠየቀቻቸው።

ሰፊው የቤታቸውን ገመና ለሰው አይናገሩም ነበር። ነገር ግን ሕልሙ ከዓይናቸው ገና አልጠፋም፤ እንዲህ ባለ ሰዓት ደግሞ የሰው አፍ ይፈታል። ባለቤታቸው በብርዱ ደረታቸውን እያመማቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የብርዱን ወራት ሞቃት አገር ካለችው ልጃቸው ዘንድ መክረማቸውን ነገሯት። የፊታችን ቅዳሜ አንድ ሳምንት ሊቆዩ ይመጣሉ። መኝታ ቤቱ እንደ በፊቱ ከሆነ ግን ተመልሰው እዚያው ሊቀሩ ቆርጠዋል። ሰፊውም ሥራ አልፈቱም፤ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ ከውስጥ በኩል ጣውላ መትተው፣ በመካከሉ የሠላሳ ዓመት የጨርቅ ቁርጥራጭ ሞልተውበታል። ክፍሉ ግን ያው በረዶ ነው። አሁን ሌላ ጣውላ ሊደርቡበት ነው የመጡት።

«ቁርጥራጩን እንዴት አድርገው ሞሉት?»

«በዱላ እየጠቀጠቅሁ ነዋ። መርፌ አይገባበትም» አሉ ኮራ ብለው።

መሐንዲሷ አላረማቸውም፤ ጣውላውን ከመግዛታቸው በፊት ቤቱን እንዲያሳዩአት ብቻ ለመነቻቸው። በመንገድ ላይ ሽማግሌው ቅር ብሏቸው ነበር። የድንጋዩ ውፍረት አንድ ክንድ ነው፣ ያሠሩት አባታቸው ናቸው፤ ትምህርት ከዚህ በላይ ምን ይጨምርበታል ብለው ተከራከሩ።

«አባትዎ ጥሩ ግንብ አቁመዋል» አለች ልጅቷ በትሕትና። «ድንጋይ ግን ጣሪያ ይሸከማል እንጂ ሙቀት አያቆይም። ምድጃው የሰጠውን ይጠጣና ለውጭው ያድለዋል።»

«አፍሽስ ተምሯል» አሉ ሰፊው።

መኝታ ቤቱ ከሱቁ በስተጀርባ ነው። ልጅቷ ግን ወደዚያ ከማለፏ በፊት ሱቁ ውስጥ የደንበኛ ካፖርት ተሰቅሎ አየች፤ በጨርቁና በገበሩ መካከል ጥጥ የተሞላ ነው። እጇን ወደ ካውያው ሰደደች።

«ይኼን ልተኩስልዎ አባባ?»

«ተይ፣ ተይ። ጥጡን ልትጨፈልቂው ነው። ከተጨፈለቀ ምኑን ያሞቃል?»

«ጥጡ ያው ጥጥ አይደል?»

«የሚያሞቀው ጥጡ መሰለሽ? በመካከሉ የሚያድረው አየር ነው እንጂ። ለስንት ተለማማጅ ስጮህ የኖርሁት…»

ቃሉን አልጨረሱትም። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላውን ሲቆጡበት የኖሩትን ነገር፣ በገዛ ቤታቸው በዱላ ሲጠቀጥቁት ከርመዋል። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ የሙያችንን እውቀት ሱቅ ውስጥ ቆልፈንበት ወደ ቤት እንገባለን።

«ልጄ» አሉ ወንበር ስበው እየተቀመጡ፣ «ለሰው ሁሉ ገበር ስሰፋ ኖሬ ሚስቴን ገበር በሌለው ግድግዳ ሥር አስተኛኋት።»

በማግስቱ መሐንዲሷ ናሙናዎች አምጥታ የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ሰፊው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱ ጀመር። ፎሙን ቀላል ነው ብለው ወደዱት፤ እሷ ግን እርጥበት ለሚያልበው አሮጌ ድንጋይ የላስቲክ ሸሚዝ እንደማልበስ ይሆንብዎታል አለቻቸው። ከድንጋይ የተፈተለው ሱፍ እሳት የማይነካው መልካም ነገር ቢሆንም ከሩቅ የሚመጣ ነውና ለቅዳሜ አይደርስም። በመጨረሻ ከግድግዳው ካወጣችው ቁርጥራጭ አንድ እፍኝ በጣቷ አፍታትታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ጥቂት ቆይቶ መዳፋቸው ሞቀ።

«ይኼ ራሱ ይሆናል» አለች። «ብቻ ይድረቅ፣ ይፍታታ፣ ከብልና ከእሳት የሚጠብቀው ዱቄት ይነስነስበት። ከድንጋዩም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተውለት፤ ግድግዳውም ይተንፍስ።»

አራት ቀን ጨርቅ ሲያፍታቱ ዋሉ። ብናኙ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ እየተንሳፈፈ ስለሚውል፣ ሽማግሌው በእጃቸው እየሠሩ በልባቸው የሚያልሙ ይመስሉ ነበር። የሙሽራውን ግራጫ፣ የነርሷን ነጭ፣ ከሠላሳ ዓመት ልብስ የተረፈውን ሁሉ እያነሡ የማን እንደነበረ ያስታውሱ ነበር። አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ ሲያገኙ ለመሐንዲሷ ሰጧት። «ያንቺ ናት» አሏት። እሷም አገላብጣ አየቻትና አፍታትታ ከሌላው ጋር ጨመረቻት። ዓርብ ማታ የተፍታታውን ሁሉ፣ ከድንጋዩ ክፍተት ትተው፣ ሳይጠቀጥቁ ከጣውላው በስተጀርባ መለሱት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው መጡ። ሰፊው የሰፉላቸውን፣ ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቁትን ወፍራም ካፖርት እንደለበሱ ነበሩ። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ አኖሩትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ውጭ ነፋሱ ያፏጫል። ሰፊው ጭንቀታቸውን ለመሸፈን ወሬ አበዙ፤ ምድጃው ከዛሬ ጀምሮ የበፊቱ እንጨት ግማሽ እንደሚበቃው፣ ጢስ ሲቀንስ ደረት እንደሚያርፍ፣ የግድግዳው ሻጋታ እንደማይመለስ፣ ጎረቤቶችም ከአሁኑ ቁርጥራጭ መሰብሰብ እንደጀመሩ እንደ መምህር አስረዷቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ሁሉ መቼ ተማርክ?» አሉ ባለቤታቸው እየሳቁ።

«ድሮ ነበር የተማርሁት፤ የጎረቤት ልጅ ናት ያስታወሰችኝ።»

ባለቤታቸው ተነሥተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ሰፊውም የአራት ቀን ድካም ተጫናቸውና ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ዓይናቸው ተከደነ። በሕልማቸው ሜትሩ ቤቱን ዞሮ፣ ጫፍና ጫፉ ተገናኘላቸው።

ሲነቁ ካፖርቱ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ደንግጠው ወደ በሩ ዞሩ። ሻንጣው በቦታው የለም። ባለቤታቸው ቀሚስ ብቻ ለብሰው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ልብሳቸውን ከአልጋው ላይ እያነሡ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይደረድራሉ።